አንድ ለባዶ ሙሉ ድል ነው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ቅዳሜና እሁድ ጢም ብለው ይሞላሉ። እዚያ ተቀምጦ ጨዋታ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አራት ለሦስት ያለቀ ጨዋታ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል፤ አንድ ለባዶ ያለቀውን ግን ያሸነፈው ቡድን ደጋፊ ራሱ እያፈረ ነው የሚያነሳው። «ማሸነፉንስ አሸነፍን፣ ግን ምኑን አየነው!» ይላል። ተሸናፊው ደግሞ «እናንተ'ኮ በር ዘግታችሁ ነው» ብሎ ያበሽቀዋል። አሸናፊው መልስ የለውም።

እኔ መልስ አለኝ። በር ዘግቶ ማሸነፍ ነውር አይደለም። መረቡን ሳያስደፍር ያሸነፈ ቡድን የጨዋታውን ሁለቱንም ሥራ ሠርቶ የወጣ ነው። አራት አግብቶ ሦስት የገባበት ግን ግማሹን በሥራ፣ ግማሹን በዕድል ያለፈ ነው። ይህን የምለው ለሰፈር ደጋፊ ብቻ አይደለም። «የኢትዮጵያ ኳስ የማጥቃት ኳስ ነው፤ መከላከል የእኛ አይደለም» የሚለው አስተያየት ከሬዲዮ ስቱዲዮ እስከ ታክሲ ወረፋ ድረስ ሁሉም የተስማማበት ስለሆነ፣ ማስረጃህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው እንኳ ጠፍቷል። እንግዲህ ዛሬ እንጠይቀው።

መጀመሪያ የዚያኛውን ወገን ጠንካራ ክርክር ላስቀምጥ፤ ደካማውን መርጦ መምታት ክርክር አይባልም። አንደኛ፣ ተመልካች ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያወጣው ሊደሰት ነው፤ የሚያስደስተው ደግሞ ጎል ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን በቁመትና በጉልበት ከምዕራብ አፍሪካ ተጫዋቾች ጋር ስለማይመጣጠኑ ወደ ኋላ ካፈገፈጉ በረጅም ኳስና በግንባር ይሸነፋሉ፤ ያለን መሣሪያ ኳሱን ይዞ መጫወት ነው ይላሉ። ሦስተኛውና ትልቁ መከራከሪያቸው ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በ1954 ዓ.ም. ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ደግሞ ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ ነው። በሁለት ጨዋታ ስምንት አገባች፣ አራት ገባባት፣ ዋንጫውንም ወሰደች። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» ይሉኛል።

ከዚሁ ፍጻሜ ልጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ግብጽ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ አብደል ፈታህ ጎል መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። ሕዝቡ ደስታውን ገና ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ ያው በደዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ባይደርስልን ኖሮ ዋንጫው ወደ ካይሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ 30 ደቂቃ ተጨመረ። ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አገቡ። ግብጽስ? በዚያ ግማሽ ሰዓት አንድም አላገባችም። የ90 ደቂቃው ውጤት ሁለት እኩል ነበር። ዋንጫው የተለየው በጭማሪው ሰዓት ነው፤ የጭማሪው ሰዓት ውጤት ደግሞ ሁለት ለባዶ ነው። መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም፤ ይገባዋልም። የዚያን ዕለቱን በረኛ ጊላሚካኤል ተክለማርያምን በስሙ የሚጠራ ግን ስንት አለ? በደዊ ሦስተኛ ጎል ቢያገባ ኖሮ ዋንጫም ትዝታም አይኖረንም ነበር።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመሩ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበትን ማጣሪያ ስናወራ የሚነሱት የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰኢድ ጎሎች ናቸው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በመጀመሪያ ከቤኒን ጋር አዲስ አበባ ላይ ባዶ ለባዶ ወጣን። ባዶ ለባዶ ሲያልቅ የሚያመሰግን ደጋፊ አይገኝም። ኮቶኑ ላይ ግን አንድ ለአንድ ወጣንና ከሜዳ ውጭ ባገባናት አንዲት ጎል አለፍን። ቤኒን አዲስ አበባ ላይ አንድ አግብታ ቢሆን ኖሮ ያቺ የኮቶኑ ጎል የትም አታደርሰንም ነበር።

ቀጥሎ ሱዳን መጣች። እዚያው ሜዳዋ ላይ ሦስት አግብተን አምስት ገባብን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. መልሱ አዲስ አበባ ሲደረግ ሁለት ለባዶ አሸነፍን። በደርሶ መልስ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን፤ ከተማውም ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር አደረ። ሁለተኛዋ ጎል ከገባች በኋላ የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ሱዳን አንድ ብታገባ 6 ለ 5 ትመራለች፤ እኛ ደግሞ የግድ ሦስተኛ ጎል ፍለጋ መውጣት ሊኖርብን ነው። በዚያ ሰዓት ከሳጥን ተጠርጋ የወጣች እያንዳንዷ ኳስ፣ በግንባር የተመለሰች እያንዳንዷ የማዕዘን ምት፣ ዋጋዋ ከአዳነና ከሳላዲን ጎሎች አያንስም። እንደዚያም ሆኖ ትውልዱ በቃሉ የሚያውቀው ያገቡትን ነው። ያላስገቡትን ጠይቁትና ጭንቅላቱን ሲያክ ታገኙታላችሁ።

ከሦስት ወር በኋላ በአፍሪካ ዋንጫው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ የተማርነው ትምህርት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ተማርነው ከተባለ። የመጀመሪያው ጨዋታ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን የገጠምንበት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ጎልም ገባብን። በ10 ሰው ተጠጋግተው፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየደፈነ ተጫውተው አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ አንድ ለአንድ አለቀ። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን ገጠምን። አንድ ለባዶ እየተመራን ሳለ የእነሱ በረኛ ከሳጥን ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ ተባረረ። አሁን እኛ 11፣ እነሱ 10። ቡድናችን አቻ ሊሆን ወደ ፊት ነቀለ፤ በ10 ሰው የሚጫወተው ተጋጣሚ ሦስት ተጨማሪ ጎሎች አገባብን። አራት ለባዶ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ያው ቡድን፣ በዚያው ሳምንት፣ ሰው ሲጎድልበት ሻምፒዮኑን ያቆመ፣ ሰው ሲተርፈው ተበተነ። ልዩነቱን ጉልበት አላመጣውም፤ ቁመትም አላመጣውም። ከዛምቢያ ጋር መከላከል የሁሉም ሥራ ነበር፤ ከቡርኪና ጋር የማንም ሥራ አልነበረም።

«የእኛ ልጆች ለመከላከል አልተፈጠሩም» ለሚለው መልሱ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። አገር ውስጥ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ ስላልነበረን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ድረስ ተሰደን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብጽን ገጠምን። ግብጽ በዚያው ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ቡድን ነበረች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ከእረፍት በፊት አገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ ግብጽ መግቢያ አጣች። ሁለት ለባዶ። በመጨረሻ ማጣሪያውን ባናልፍም ያንን ጨዋታ የሚያስታውስ ሰው መከላከል ከደማችን የለም ሊለኝ አይችልም። በዚያች 45 ደቂቃ ውስጥ የነበረውን ትግል ግን በኋላ የተነተነው ጥቂት ነው። የተደጋገመው የጎሎቹ ቪዲዮ ነው።

አሁን ወደ ቁመቱ ጉዳይ። አጭር ተጫዋች ያለው ቡድን መከላከል አይችልም የሚሉ ሰዎች አርአያ አድርገው የሚጠሩት የስፔንን ቡድን ነው። ይሁን፣ እኔም እሱን ልጥራ። ስፔን በ2010 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በሰባት ጨዋታ ያገባችው ስምንት ጎል ብቻ ነው። የገባባት ሁለት ነው። ከጥሎ ማለፉ ጀምሮ ፖርቱጋልን 1 ለ 0፣ ፓራጓይን 1 ለ 0፣ ጀርመንን 1 ለ 0፣ በፍጻሜው ኔዘርላንድስን 1 ለ 0። አራቱንም አንድ ለባዶ! እነዚያ ዣቪና ኢኒዬስታ ኳሷን ይዘው ሲያንሸራሽሯት የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ኳሷ እነሱ ጋ እስካለች ድረስ ተጋጣሚው ማግባት ስለማይችል ነው። ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ሲያሰለጥን ከበረኛ ጀምሮ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ጨዋታ እንዲለመድ የለፋውን ልፋት አከብራለሁ። ያ ጨዋታ ግን ሙሉ የሚሆነው ኳሷ የተነጠቀች ዕለት ማን የት እንደሚቆም ሲታወቅ ነው። የኛ ደጋፊ የወደደው ቅብብሉን ነው፤ መቆሚያውን ግን አልጠየቀም። «ተጫውተን ተሸነፍን» የሚል መጽናኛ የፈለሰፍነውም ለዚህ ነው። ተጫውቶ መሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ግማሹን ተጫውቶ መሸነፍ ነው ያለው።

የሰፈራችንን አርሴናሎችም ላስታውስ፤ ኮዬ ፈጬ ውስጥ ከብሎክ ቁጥር ቀጥሎ የሚበዛው የአርሴናል ማልያ ነው። አንድም ሳይሸነፍ የ2003/04 (እ.ኤ.አ.) ሊግን የጨረሰው ቡድን ሲነሳ ሁሉም ቴሪ ኦንሪ ይላል። በዚያ ዓመት ከሊጉ ክለቦች ሁሉ ትንሽ ጎል የገባበትም ያው አርሴናል ነበር፤ በ38 ጨዋታ 26 ብቻ። በቀጣዩ ዓመት ቼልሲ ከእነ ፔትር ቼክ 15 ብቻ ገብቶበት ዋንጫውን ነጠቃቸው። ይህ የ15 ጎል ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። እኛ ግን ከአገራችን ሊግ እንኳ የምንይዘው የአግቢዎችን ቁጥር ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን 25 መስበሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትልቅ ሥራ ነው። ዋንጫው ግን ጎንደር ነው የገባው፤ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን፣ የአቡበከር ክለብ ቡና ሁለተኛ። አንዱ ዓመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል፤ እሺ። ግን የ29ኙን ያህል የታወቀ፣ መረቡን ሳያስደፍር የወጣ በረኛ ቁጥር ንገሩኝ።

በዚህ ረገድ እኛ ከማንወደው ስፖርት የምንማረው አለ። በአሜሪካ ቤዝቦል ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ወርውሮ ተጋጣሚውን አንድም ነጥብ ከከለከለ፣ ያ ድል በስሙ ይመዘገብለታል። ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ቁጥር ነው። የዋሽንግተኑ ዋልተር ጆንሰን ከ1907 እስከ 1927 (እ.ኤ.አ.) 110 ጊዜ እንዲህ አድርጓል፤ ከእነዚህ 38ቱን ያሸነፈው አንድ ለባዶ ነው። መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቁጥሩን የደረሰበት የለም። በ1956 (እ.ኤ.አ.) የፍጻሜ ተከታታይ ጨዋታ የኒውዮርክ ያንኪሱ ዶን ላርሰን የገጠሙትን 27 መቺዎች አንድ በአንድ ባዶ እጃቸውን መለሰ። ቡድኑ ያገባው ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ዛሬ የሚታወሰው ግን ላርሰን ነው። እዚያ ባዶው ባለቤት አለው። በእግር ኳስ ግን የባሎን ዶርን ሽልማት የወሰደ በረኛ እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን።

«እሱስ እሺ፣ ግን እነዚህ በረኞች'ኮ አንድ ለባዶ ሲመሩ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሰዓት ይገድሉብናል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እውነት ነው፤ እኔም ያናድደኛል። ግን ሰዓት መግደል መከላከል አይደለም። እንዲያውም መከላከል የማይችል ቡድን መደበቂያ ነው። ሕጉም ይህን ለይቷል፤ ከ2025/26 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ጀምሮ ኳስ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ የያዘ በረኛ የማዕዘን ምት ያስቀጣል። ተኝቶ የሚያቃስተውን ዳኛ ይቅጣው። ቆሞ፣ አንግል ጠብቦ፣ ከአጥቂው እግር ሥር ኳስ የሚለቅመውን ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አትስደቡት።

ለባዶው ያለን ንቀት ከየት እንደመጣ ማየት የፈለገ እሁድ ጠዋት በብሎኮቹ መካከል ያለውን ባዶ ሜዳ ይመልከት። ጎሉ በሁለት ድንጋይ ተሠርቷል። ሁለት አምበሎች በየተራ ይመርጣሉ። መጀመሪያ አብዶ የሚሠራው ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ሯጩ፣ ቀጥሎ የሚመታው። በመጨረሻ የቀረውን፣ ቀሽም የሚሉትን ልጅ፣ «አንተ በረኛ» ይሉታል። ፈቃደኛ ከጠፋ በተራ ነው፤ ሁለት የገባበት ይወጣና የሚቀጥለው ይገባል፤ እንደ ቅጣት። ጠጠር ላይ ተወርውሮ ክርኑ የተላጠውን ልጅ የሚያየው የለም፤ ኳሷ ባመለጠችው ቁጥር ግን አሥሩም ይጮሁበታል። አንዱ በጭንቅላቱ ከፍታ ያለፈችውን ኳስ «ከአግዳሚው በላይ ናት» ብሎ ቢከራከር እንኳ አግዳሚ የለምና ይፈረድበታል። በረኝነትን ቅጣት አድርገን አሥር ዓመት አሳድገን፣ ልጁ ሃያ ሲሞላው «አገራችን በረኛ አታፈራም» ብለን እናለቅሳለን። ክለቦቻችን ለስንት ዘመን በረኛ ከውጭ ሲያመጡ የኖሩት ለምን ይመስላችኋል? ቅዱስ ጊዮርጊስ ሮበርት ኦዶንካራን ከኡጋንዳ ያመጣው እኛ አጥቂ ስንመለምል በረኛውን ስለረሳነው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። ኳስ ቤት ከተቀመጠው ወጣት ብዙው በኪሱ የውርርድ ቲኬት አለው። ቲኬቱ «ኦቨር»፣ ማለትም ብዙ ጎል ይገባል፣ ይላል፤ ወይም «ሁለቱም ያገባሉ» ይላል። ጨዋታው 80ኛ ደቂቃ ደርሶ አንድ ለባዶ ከሆነ፣ የገዛ ክለቡ እየመራ እንኳ ተጋጣሚው እንዲያገባ የሚጸልይ ደጋፊ ታያላችሁ። በረኛው ያዳናት ኳስ የእሱን ብር ነው ያቃጠለችው። ይህ ሰው አንድ ለባዶ አሰልቺ ነው ቢላችሁ ስለ ኳስ እየነገራችሁ አይደለም፤ ስለ ቲኬቱ ነው። ተንታኞቻችንም የእሱን ቅሬታ የሕዝብ ጣዕም ብለው እያስተላለፉት ነው።

የደስታውን ነገር ግን ልተወው አልችልም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ሰው ሊደሰት ይመጣል። ግን እኛ የኮዬ ፈጬ ሰዎች ውኃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ነዋሪዎች ነን። ማንም ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር እንደገባ አይፎክርም፤ የሚጠየቀው ቀዳዳ አለው ወይ ነው። በአራት ለሦስት ጨዋታ ውስጥ ያየነው ደስታ አብዛኛው የሰባት ስህተት ደስታ ነው። በአንድ ለባዶ የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ውስጥ ያለው ልብ የሚሰቅል ነገር ግን ስህተት አይፈልግም። አንዲት ኳስ ሁሉን ልትለውጥ የምትችለው እዚያ ብቻ ነው። አምስት ለአንድ የሆነ ጨዋታ 88ኛ ደቂቃ ላይ ቆሞ የሚያይ የለም፤ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። አንድ ለባዶ ሲሆን ግን ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ የደረሰውም ተመልሶ ይቆማል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ኮሜንታተሮች ሆይ፣ የጎል አግቢዎችን ዝርዝር ስታነቡ መረባቸውን ሳያስደፍሩ የወጡትንም በረኞችና ተከላካዮች በስማቸው ጥሩ፤ ቁጥራቸውንም ያዙ። አሰልጣኞች ሆይ፣ «ተጫውተን ተሸነፍን» የሚለውን መግለጫ ተዉት፤ እንዴት እንደገባባችሁ ንገሩን። የየሰፈሩን ቡድን የምትይዙ ወንድሞች፣ ለታዳጊዎቹ ሌላ ማልያ ከመግዛታችሁ በፊት የበረኛ ጓንት ግዙ፤ በረኝነትንም ቅጣት ማድረጋችሁን አቁሙ። አንተም ወንድሜ፣ ቡድንህ አንድ ለባዶ ሲያሸንፍ አንገትህን አትድፋ። ሦስት ነጥቡ ሙሉ ነው፤ ድሉም ሙሉ ነው።